ላፕቶፑ ላይ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ የለም

ሞጣ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ተማሪዎቹ ዓባይ ላይ ስላለው ሰባራ ድልድይ የጻፉትን ታሪክ አርሞ ጨርሷል። በፋይሉ አናት ላይ የዕለቱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አሰፈረ፤ ሰዓቱን 09:00 ብሎ ጻፈና ሴቭ አደረገው። ላፕቶፑ ላይ አዲሱ ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ታየ። የስልኩን ዳታ ከፍቶ ሥራውን ድረ ገጹ ወደሚዘጋጅበት ወደ ጊትሃብ ፑሽ አደረገ፣ ማለትም ላከ። ትንሽ ቆይቶ ቢልዱ፣ ማለትም የድረ ገጹ ዝግጅት፣ መሳካቱን የሚናገር አረንጓዴ ምልክት መጣ።

አጠገቡ የተቀመጠች ተማሪ በራሷ ስልክ ድረ ገጹን ከፈተች።

«ቲቸር፣ የለም እኮ!»

«ሪፍሬሽ አድርጊው።»

«አደረግሁት። የትናንቱ ነው ያለው።»

«ቢልዱ አልፏል፤ ምንም ኤረር የለም።»

«እሽ፤ ግን የለም።»

ገጹ የት እንደገባ ለማወቅ መጀመሪያ ድረ ገጹን ማን እንደሠራው መጠየቅ ያስፈልጋል። ያን ጠዋት ድረ ገጹ የተሠራው በሁለት ማሽኖች ነው። አንዱ ሞጣ ያለው ላፕቶፕ ሲሆን የሚሄደው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው። ሌላው የጊትሃብ ሰርቨር ነው፤ እሱ የሚሄደው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። መምህሩ ፑሽ ሲያደርግ በሰርቨሩ ዘንድ ገና 06:00 ነበር። ፋይሉ 09:00 ይላል እንጂ የየት አገር 09:00 እንደሆነ አይናገርም። ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ጽሑፉን ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚወጣ አድርጎ ወሰደውና ዘለለው። መምህሩ የሚጠቀምበት ጄኪል የተባለው ፕሮግራም ቀኑ ያልደረሰ ጽሑፍ አያወጣም። መዝለሉ እንደ ስህተት ስለማይቆጠር አረንጓዴው ምልክት አልዋሸም።

ሦስት ሰዓት ቢጠበቅ ገጹ ይመጣል? አይመጣም። እንዲህ ዓይነቱ ድረ ገጽ የሚሠራው ፑሽ ሲደረግ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሌላ ነገር እስኪልክ ድረስ ሰርቨሩ ተመልሶ አያየውም። ጽሑፉ እስከ ማታም፣ እስከ ሳምንቱም እንደተዘለለ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ የሰዓት ቀጣናው «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ነው የሚል አንድ መስመር መጻፍ ነው። መስመሩ ከገባ በኋላ ላፕቶፑም ሰርቨሩም 09:00 የሚለውን አንድ ዓይነት ይረዱታል።

ነገሩ በአንድ መስመር ተፈታ፤ ግን የችግሩ ዓይነት ሰፊ ነው። አንድ ዓይነት ፋይሎች በሁለት ማሽኖች ላይ ሁለት ዓይነት ድረ ገጽ ይወጣቸዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው በፋይሎቹ ውስጥ ያልተጻፈው ነገር ነው፦ ሰዓቱ፣ የፕሮግራሙ ቨርዥን፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጠባይ፣ የድረ ገጹ አድራሻ። ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ጠቅልለው «ቢልድ ኢንቫይሮንመንት» ይሉታል።

ስታቲክ ድረ ገጽ ለምን?

ብዙዎቹ ትልልቅ ድረ ገጾች አንባቢ በመጣ ቁጥር ገጹን ከዳታቤዝ አውጥተው እንደ አዲስ ያዘጋጁለታል። ይህ እያንዳንዱ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ፋይል ፈልጎ የሚያወጣን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመስላል። ስታቲክ ድረ ገጽ ግን ቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይለጠፋል፣ የመጣ ሁሉ ያነበዋል። ጽሑፎቹን ወስዶ ከቅርጹ ጋር እያዋሐደ የሚለጠፉትን ገጾች የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ስታቲክ ሳይት ጄኔሬተር ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሙቨብል ታይፕ ገጾቹን አስቀድሞ እያዘጋጀ ያስቀምጥ ነበር። አሁን የምናውቀውን ዓይነት ያስለመደው ግን የጊትሃብ ተባባሪ መሥራች ቶም ፕሬስተን ወርነር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጄኪል ነው። በዚያው ዓመት ጊትሃብ የጄኪልን ፋይሎች ተቀብሎ በነጻ ድረ ገጽ የሚያደርግ አገልግሎት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስቲቭ ፍራንሲያ ሁጎ የተባለውን ሌላ ጄኔሬተር ይዞ መጣ። የዘዴው አቅም እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ምርጫ ላይ በጉልህ ታይቷል፤ የኦባማ ዘመቻ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጾቹን ያዘጋጀው በጄኪል ነበር።

ሞጣ ላለ ሰው የዘዴው ጥቅም ሌላ ነው። ዳታቤዝ ስለሌለው ጠባቂ አይፈልግም። ገጾቹ ቀላል ስለሆኑ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታሉ። ጊትሃብም ሆነ ክላውድፍሌር ለእንዲህ ያለ ድረ ገጽ ማስቀመጫ በነጻ ይሰጣሉ። በጊትሃብ የሚወጣው ድረ ገጽ ከ1 ጊጋባይት እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ጽሑፍና ፎቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለአንድ መምህር ቀላል ስላልሆነ ነጻ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

የሚጻፍ ነገርም ሞልቷል። ሞጣ ከባሕር ዳር በቢቸና አድርጎ ወደ ደጀን በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል እንዳስተከሉት የሚነገረው ሞጣ ጊዮርጊስ አለ። ወደ ቢቸና ሲኬድ በቅኔ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር አለ። ዓባይ ላይ ደግሞ ሰባራ ድልድይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ትምህርት በነጻ ስላቀረበ፣ እጁን የሚያፍታታበት ሥራ የሚፈልግ ተማሪም አይጠፋም።

ቨርዥኑ ሲለያይ

ጄኪል ሩቢ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ስለሆነ መጀመሪያ ሩቢ ይጫናል። ከዚያ ጄኪል ራሱ፣ ከዚያ ጄኪል የሚደገፍባቸው ሌሎች ፓኬጆች ይከተላሉ። እያንዳንዱ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ አንዳንዶቹ ፓኬጆች በዚያው ማሽን ላይ መጠናቀር ስላለባቸው ተጨማሪ መሣሪያ ይጠይቃሉ። በዳታ ካርድ ለሚሠራ ሰው ይህ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። መብራት መሐል ላይ ሲሄድ ደግሞ ካቆሙበት መቀጠል ሁልጊዜ አይቻልም።

ሁጎ በዚህ በኩል ይቀላል። ጎ በሚባለው ቋንቋ ተጽፎ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል። ያን ፋይል በፍላሽ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መገልበጥ ይበቃል፤ ኢንስቶል የሚባል ጣጣ የለበትም። መምህሩ ከጄኪል ወደ ሁጎ የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ላብ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ፍላሽ አዳረሳቸው።

ነገር ግን ሰርቨሩ የትኛውን ሁጎ ነው የሚጠቀመው? ድረ ገጹን የሚያዘጋጁ ኩባንያዎች ባለቤቱ ምንም ካልነገራቸው እነሱ የመረጡትን ቨርዥን ያስነሳሉ። ክላውድፍሌር በመጀመሪያው የቢልድ ማሽኑ ላይ፣ ካልተነገረው በቀር፣ ሁጎ 0.54ን ነበር የሚጠቀመው። የዚህ ዘመን ዲዛይን የወሰደ ሰው በዚያ ቨርዥን ቢልድ ሲያደርግ ፕሮግራሙ የማያውቀው ትእዛዝ ይገጥመውና ይቆማል። ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር እየሠራ ስለሆነ ባለቤቱ ጥፋቱን ከራሱ ጽሑፍ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። መድኃኒቱ «ሁጎ ቨርዥን» የሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ለቢልዱ ማሽን የሚሰጥ ስምና እሴት) ከፍቶ የላፕቶፑን ቨርዥን ቁጥር መስጠት ነው።

ይህን ቁጥር የት ይጽፉታል? አንዱ ቦታ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ በራስ አካውንት ገብቶ የሚሞላ ቅጽ ነው። ሌላው ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ የሚቀመጥ የማስተካከያ ፋይል ነው፤ ኔትሊፋይ የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት እንዲህ ያለ ፋይል ያነባል፣ ቢልድ የሚያደርገው የጊትሃብ አክሽንስም የሚመራው በፋይል ነው። ቅጹ ለጊዜው ይፈጥናል። ግን ቁጥሩን የሚያየው የአካውንቱ ባለቤት ብቻ ነው፤ መቼና ለምን እንደተቀየረም ከፕሮጀክቱ ታሪክ ላይ አይገኝም። ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈ ግን ፕሮጀክቱን የገለበጠ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ጄኪልን ይዞ የሚቀጥል ሰው ደግሞ የፓኬጆቹን ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበውን የሎክ ፋይል ከፕሮጀክቱ ጋር ማስቀመጥ አለበት። ብዙ ጀማሪ «ይህ እኔ የጻፍኩት አይደለም» ብሎ ያጠፋዋል። ሲጠፋ ሰርቨሩ የዕለቱን አዳዲስ ፓኬጆች ያወርዳል፤ ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም።

የድልድዩ ፎቶና የፊደል ጣጣ

ከጽሑፎቹ ሁሉ ተማሪዎቹ በጣም የደከሙበት የሰባራ ድልድይን ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገረው ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኛል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰና «ሰባራ» የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ይህን የሚያሳይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ በኬብል የተንጠለጠለ መሻገሪያ ተሠራ።

ከጽሑፉ ጋር የገባው ፎቶ ላፕቶፑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ኢንተርኔት ላይ በቦታው ባዶ ሳጥን ብቻ አለ። የፎቶው ፋይል ስም የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ካሜራው የስሙን መጨረሻ በትልልቅ ፊደል አስቀምጦታል፤ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባችው ተማሪ ደግሞ በትንንሽ ጽፋዋለች። ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ስም ያያቸዋል። ቢልድ የሚያደርጉትና ገጹን የሚያቀርቡት ሰርቨሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይላል። በግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለ ተማሪዎቹ ልዩነቱን እንደ ስህተት ሊያዩት አልቻሉም ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ደንብ ጻፈላቸው፦ የፋይል ስም ሁሉ በትንንሽ ላቲን ፊደል፣ ባዶ ቦታ የለም፣ በቃላት መካከል ሰረዝ።

«የፋይሉን ስም ለምን በአማርኛ አንጽፈውም ታዲያ?» አለ አንዱ።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም እንደገና ወደ ሁለቱ ማሽኖች ይወስዳል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ጀምሮ ኮምፒውተር በፋይል ስምነት ሳይቸገር ይቀበለዋል። ሆኖም በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው። በተለመዱት የሊኑክስ ማሽኖች ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም፤ ይህም 85 የግእዝ ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። እናም የጽሑፉን ረጅም ርእስ እንዳለ የፋይል ስም ያደረገ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ ምንም አይገጥመውም፤ ሰርቨሩ ላይ ግን ስሙ በዛ ተብሎ ይቆማል።

አድራሻው ላይም ጣጣ አለ። ሊንኩ ኮፒ ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ወደ 9 የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል ሊዘረዘር ይችላል። «ሰባራ ድልድይ» የሚለው ብቻ ከ60 በላይ ምልክት ይሆናል፤ የተቀበለው ሰው ቫይረስ መስሎት አይከፍተውም። ርእሱ በአማርኛ ይሁን፤ አድራሻው አጭር ላቲን ይሁን። ሁለቱም ጄኔሬተሮች፣ ጄኪልም ሁጎም፣ ርእሱንና አድራሻውን ለየብቻ እንዲጽፉ ማዘዝ ይቻላል።

በሁለቱም ማሽን እኩል የሚሳሳት አንድ የራሳችን ጉዳይም አለ። አንዱ ተማሪ የጽሑፉን መለያ «ዓባይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አባይ» ይላል። ለአንባቢ አንድ ወንዝ ነው፤ ለሁጎ ግን ሁለት መለያ ስለሆነ ሁለት ገጽ ይከፍትላቸዋል፤ ጽሑፎቹም ለሁለት ይከፈላሉ። የመለያዎቹን አጻጻፍ በአንድ ዝርዝር ወስኖ ከፕሮጀክቱ ጋር ማስቀመጥ የዚሁ የቢልድ ኢንቫይሮንመንት ዝግጅት ክፍል ነው።

አሥራ ሦስተኛው ወር

ቀን ሌላው ወጥመድ ነው። ጄኔሬተሮቹ የሚያውቁት የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው። ተማሪ የዕለቱን ቀን በእኛ ዓመተ ምሕረት ቢሞላ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይከለክለውም። 2017 ብሎ የጻፈው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት እንደተጻፈ ተቆጥሮ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ይወርዳል። ቢልዱ አረንጓዴ ነው፤ ጽሑፉ ግን አሮጌ ሆኗል።

ስህተቱ ራሱን የሚያጋልጠው በተወሰኑ ቀኖች ነው። ጳጉሜን 3 ብሎ ወሩን 13 ያደረገ ሰው ላይ ሁጎ ቀኑን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ጥቅምት 30 ብሎ ወሩን 2 ያደረገም እንዲሁ፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና። ዓመቱን ሙሉ ያለ ምልክት ሲሳሳቱ ቆይተው በነዚህ ቀኖች ብቻ ኤረር ማየት ተማሪን ግራ ያጋባል።

ለአንባቢ የሚታየው ቀንም የራሱ ጉዳይ አለው። የድረ ገጹ ቋንቋ አማርኛ ነው ተብሎ ሲሞላ ሁጎ ቀኑን በአማርኛ ሊጽፈው ይችላል፤ የሚጽፈው ግን «ማርች» ብሎ እንጂ «መጋቢት» ብሎ አይደለም። የወሩ ስም በፊደላችን ሆነ እንጂ አቆጣጠሩ ያው የፈረንጅ ነው። መምህሩ የመረጠው መንገድ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ቀን እንዲኖረው ነው። አንዱ ለማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሰዓት ቀጣናው ጋር ይጻፋል፤ ቅደም ተከተል የሚወጣው በዚህ ነው። ሌላው ለአንባቢ በእጅ የሚጻፍ ነው፦ «መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.» የሚል። ጽሑፉ ውስጥ ላሉት የታሪክ ዓመታትም ተመሳሳይ ደንብ ወጣ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የተሰቀሉት ጥር 1937 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1945 ነው የሚል መጽሐፍ ያየ ተማሪ ሁለቱን እንዳያጋጭ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል ዓመት አይጻፍም።

ኔትወርክ ሳይኖር የሚሠራ ቢልድ

በሞጣ የኢንተርኔት ነገር አይታመንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሳምንታት ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ኖሯል። እዚህ ያለ ሰው የሚያዘጋጀው ቢልድ ኔትወርክ ባይኖርም መሥራት አለበት።

ይህ የሚሆነው የሚያስፈልገው ሁሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ ሲኖር ነው። የሁጎ ዲዛይኖች ብዙ ጊዜ ሞጁል ሆነው ከኢንተርኔት ይመጣሉ፤ ቢልድ በተደረገ ቁጥር ማሽኑ ሊፈልጋቸው ይችላል። ሁጎ እነዚህን ጠቅልሎ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥበት «ቬንደር» የሚባል ትእዛዝ አለው። ኔትወርክ በተገኘበት ቀን አንድ ጊዜ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ መረቡ ቢጠፋም ቢልዱ አይቆምም። የፊደሉ ፎንትም እንዲሁ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ፋይላቸውን ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ከሌላ ሰርቨር እየተጠራ የሚመጣ ፎንት ግን በተቋረጠበት ቀን ገጹን በሌላ ፊደል፣ ወይም በባዶ ሳጥን ይተካዋል።

በዚህ አሠራር ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የሌሎችን ሥራ ለመሳብና የራስን ለመላክ። የሚላከው ጽሑፍ ስለሆነ በጣም ትንሽ ነው፤ ደካማ ዳታ ይችለዋል።

ሦስተኛው ቦታ፦ የትምህርት ቤቱ ላብ

እስካሁን ስለ ሁለት ቦታ ነበር የምናወራው፤ ስለ ላፕቶፑና ስለ ኢንተርኔቱ። ሞጣ ላይ ግን ሦስተኛ ቦታ አለ። የትምህርት ቤቱ ላብ ኢንተርኔት የለውም። ተማሪዎቹ ደግሞ የጻፉትን እዚያ ማንበብ ይፈልጋሉ። መምህሩ የተዘጋጀውን ድረ ገጽ በፍላሽ ገልብጦ ወስዶ ከፈተው። ጽሑፉ አለ፤ ቀለሙ፣ ፎንቱ፣ ፎቶው ሁሉ ጠፍቷል። አንዱን ርእስ ሲነካው ገጽ በመክፈት ፋንታ የፋይሎች ዝርዝር መጣ።

ምክንያቱ አድራሻ ነው። ጄኔሬተሩ ገጾቹን ሲያዘጋጅ ሊንኮቹን የሚጽፈው ድረ ገጹ አለበት በተባለው አድራሻ ነው። ያ አድራሻ የኢንተርኔቱ ከሆነ፣ ፍላሽ ላይ ያለው ገጽ ፎንቱንና ቀለሙን የሚፈልገው ከማይገኝ ኔትወርክ ነው። የፋይል ዝርዝሩ የመጣው ደግሞ ሁጎ እያንዳንዱን ጽሑፍ በራሱ ፎልደር ውስጥ «ኢንዴክስ» በሚል ስም ስለሚያስቀምጠው ነው። ሰርቨር ፎልደር ሲጠየቅ ኢንዴክሱን አውጥቶ ይሰጣል፤ ፍላሽ ላይ ግን ሰርቨር የለም። ተመሳሳይ ነገር ጊትሃብ ላይም ይገጥማል። የፕሮጀክት ድረ ገጽ የሚቀመጠው ከዋናው አድራሻ ቀጥሎ ባለ በፕሮጀክቱ ስም በተሰየመ ንዑስ መንገድ ስለሆነ፣ ያን ያልሞላ ሰው ገጹ ያለ ቀለም ይወጣበታል።

ሁጎ ለእንዲህ ያለ ነገር ጥሩ አሠራር አለው። «ኮንፊግ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ለየቦታው አንድ አንድ ንዑስ ፎልደር ይከፈታል። «ዲፎልት» የሚለው ለሁሉም የሚያገለግለውን ይይዛል፦ የድረ ገጹን ስም፣ ቋንቋውን፣ የሰዓት ቀጣናውን፣ ሜኑውን። «ፕሮዳክሽን» የሚለው የኢንተርኔቱን አድራሻ ብቻ ይይዛል። «ላብ» ብሎ መምህሩ ራሱ የከፈተው ደግሞ ሁለት መስመር አለው፦ ሊንኮቹ ሁሉ ካሉበት ፋይል አንጻር ይጻፉ፣ እያንዳንዱም ጽሑፍ በፎልደር ሳይሆን በራሱ ስም ፋይል ሆኖ ይውጣ። ትእዛዙ ሲሰጥ «ኢንቫይሮንመንቱ ላብ ነው» ከተባለ ሁጎ ዲፎልቱን ወስዶ በላዩ የላቡን ይጨምርበታል። ምንም ካልተባለ ተራው የቢልድ ትእዛዝ ፕሮዳክሽን ነው ብሎ ይነሳል፤ ላፕቶፕ ላይ ለማየት የሚታዘዘው የሰርቨር ትእዛዝ ደግሞ ዴቨሎፕመንት ነው ይላል።

ከአንድ ጽሑፍ ሦስት ድረ ገጽ ይወጣል፤ ጽሑፉ ራሱ ግን አንድ ቃል አይቀየርም። የሚለያየው ሁሉ ወደ ጥቂት መስመሮች ተሰብስቦ በየፎልደሩ ተቀምጧል። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚፈለግበት ቦታ ይታወቃል።

ሚስጥር ይለጠፋል?

ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ለሌላም ይውላል። የሌላ አገልግሎት ቁልፍ፣ ለምሳሌ የካርታ ወይም የኢሜይል መላኪያ ቁልፍ፣ ፋይል ውስጥ እንዳይጻፍ እዚያ ይቀመጣል። ይህ ለቢልዱ ማሽን ትክክል ነው። ግን ቢልዱ ቁልፉን ወስዶ ገጽ ውስጥ ካስገባው ገጹ የሕዝብ ነውና ቁልፉም የሕዝብ ሆነ። የገጹን ኮድ ከፍቶ ያየ ሁሉ ያነበዋል። ሁጎ ይህን ለመቀነስ ስሙ «ሁጎ» በሚል የማይጀምርን ቫሪያብል፣ ከጥቂት በቀር፣ ዲዛይኑ እንዳያነበው ይከለክላል። ዋናው ጥበቃ ግን ሰውዬው ራሱ ነው፦ በስታቲክ ድረ ገጽ ሚስጥር አይቀመጥም፤ ከቢልዱ ጋር ብቻ ይቆያል፣ ወደ ገጹ አይወጣም።

ዝውውር ሲመጣ

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ምን ይሆናል? የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ዝውውር ሲደርሰው ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። አካውንቱ በግል ኢሜይሉ የተከፈተ ነው፤ ቨርዥኑ ላፕቶፑ ላይ ነው፤ የሰዓቱና የፋይል ስሙ ደንብ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ተተኪው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ልኮ ቢልዱ ሲወድቅበት ያለው ምርጫ ስልክ መደወል ወይም ከባዶ መጀመር ነው።

መምህሩ ለዚህ ያዘጋጀው «አንብበኝ» የሚል ፋይል ነው፤ በአማርኛ፣ በአጭሩ። የሁጎው ቨርዥን ቁጥር አለው። የትኛው ትእዛዝ ለላፕቶፕ፣ የትኛው ለላብ፣ የትኛው ለኢንተርኔት እንደሆነ ይናገራል። የሰዓት ቀጣናውን ማን እንዳስገባና ለምን እንዳስገባ ይናገራል። የፋይል ስም ደንብ፣ የመለያዎች ዝርዝር፣ የሁለቱ ቀኖች አጻጻፍ አለው። አካውንቱም በአንድ ሰው ስም ብቻ እንዳይቀር ሌላ ኃላፊ ተጨምሮበታል።

ከዚያ ፋይሉን ፈተነው። ፕሮጀክቱን ከዚህ በፊት ነክቶት ለማያውቅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፎልደሩንና የሁጎውን ፋይል በፍላሽ ሰጠውና «ስለ ዲማ ጊዮርጊስ አንድ አንቀጽ ጻፍና ለላቡ አዘጋጅልኝ፤ እኔን ግን አትጠይቀኝ» አለው። ልጁ ሁለት ቦታ ላይ ቆመ። አንዱ የሁጎው ፋይል የት እንደሚቀመጥ ስላልተጻፈ ነው፤ ሌላው የጽሑፉ ቀን ላይ የሰዓት ቀጣናው እንዴት እንደሚጨመር ምሳሌ ስላልነበረ ነው። መምህሩ መልሱን ለልጁ በቃል አልነገረውም፤ ፋይሉ ላይ ጨመረውና «አሁን እንደገና አንብብ» አለው።

ድረ ገጽ ለመክፈት የሚያስብ ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ማኅበር ወይም ቤተ መጻሕፍት ከዲዛይኑ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፦ ይህን የጀመረው ሰው ነገ ባይኖር ፎልደሩን ብቻ ይዞ ድረ ገጹን ማውጣት የሚችል አለ ወይ? ቨርዥኑ፣ ሰዓቱ፣ አድራሻው፣ የስም ደንቡ ፋይል ውስጥ ከተጻፉ መልሱ አዎ ነው። ካልተጻፉ ግን ድረ ገጹ የትምህርት ቤቱ አይደለም፤ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ነው።